ሎደሩ መጣ፣ የኋላ ክብደቱ ቀረ
ሎደር (ከፊት ተገጥሞ አሸዋና አፈር በባኬት የሚያነሣ ክንድ) የተገጠመላቸውን ትራክተሮች ላከፋፈለው መሥሪያ ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በሰሜንና በደቡብ ወሎ ወረዳዎች ለተደራጁ ማኅበራት ባለ ሎደር ትራክተር ገዝቶ ላከፋፈለው መሥሪያ ቤት

ከ፦ በእነዚሁ ትራክተሮች ላይ ከምንሠራ ኦፕሬተሮችና መካኒኮች

ጉዳዩ፦ የኋላ ክብደት (ለሎደሩ ጭነት ሚዛን እንዲሆን ከትራክተሩ ኋላ የሚደረግ ክብደት) ሳይሟላ ስለተላለፈው የጥገና ወጪና የጎማ ውኃ ትእዛዝ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

ለማኅበራቱ የተበተነው ደብዳቤያችሁ ሁለት ነገር ያዛል። አንደኛ፣ የፊት አክስል (የፊት ጎማዎቹን የሚይዘው ዘንግ) ሲሰበር ወይም ዘይት ሲያፈስ ጥፋቱ የኦፕሬተር አያያዝ ጉድለት ነው ተብሎ የጥገናው ወጪ ከኦፕሬተሩና ከማኅበሩ እንዲቆረጥ። ሁለተኛ፣ የሁሉም ትራክተር የኋላ ጎማ በውኃ እንዲሞላና የክብደቱ ጥያቄ በዚሁ እንዲዘጋ። የመጀመሪያውን አንቀበልም። ሁለተኛው የችግሩን ግማሽ ብቻ የሚነካ ነው፤ ለሁሉም መሬትም አይሆንም። ደብዳቤውን በአደባባይ የጻፍነው በግላቸው ትራክተር ገዝተው ሎደር ያስገጠሙ ገበሬዎችም ያው ችግር ስላለባቸው ነው።

ከመነሻው እንጀምር። ትራክተሮቹ ሲመጡ ሎደራቸው ከነባኬቱ ተገጥሟል። ከኋላ ግን ባዶ የሊፍት ክንድ፣ ማለትም ማረሻ የሚሰቀልበት ማንሻ፣ ብቻ ነው ያለው። የግዢው ዝርዝር «ሎደር ከነባኬት» ብሎ ያበቃል፤ ስለ ኋላ ክብደት አንድ መስመር አልተጻፈበትም። ይባስ ብሎ በአንዳንዶቹ ላይ ለማረሻ ሥራ ተብለው ከፊት የተደረደሩት የብረት ክብደቶች ሳይወርዱ ሎደሩ ተጨምሮባቸዋል። እነዚያ ብረቶች የተሠሩት ከኋላ ከባድ ማረሻ ሲሰቀል ፊቱ እንዳይነሣ ነው። ሎደር ባለበት ግን ፊት ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ ኪሎ የሚያርፈው ቀድሞውንም በተጨነቀው አክስል ላይ ነው። ማውረዱ ከብሎን መፍቻ ሌላ ወጪ አይጠይቅም፤ ሆኖም እስካሁን አውርዱ ያለን የለም።

ለምን ኋላ ክብደት ያስፈልጋል ለሚለው በቁጥር መልስ እንስጥ፤ «ልምዳችን ነው» ብለን ብቻ ብንናገር የሚሰማን አላገኘንምና። ለስሌት ያህል 75 ፈረስ ጉልበት ገደማ ያለው፣ አራቱም ጎማ በሞተር የሚዞርለት ባለ ፎር ዊል ትራክተር እንውሰድ። ሎደሩና ባዶ ባኬቱ ተገጥመውለት ጠቅላላ ክብደቱ 3,400 ኪ.ግ ይሁን፤ ከዚህ ውስጥ 1,850ው ፊት አክስል ላይ፣ 1,550ው ኋላ አክስል ላይ ያርፋል እንበል። በሁለቱ አክስሎች መካከል ያለው ርቀት 2.3 ሜትር ነው። ባኬቱ 800 ኪ.ግ እርጥብ አሸዋ ሲይዝ የአሸዋው መሐል ከፊት አክስል 1.8 ሜትር ወደፊት ይወጣል። ነገሩ ድንጋይ በድጅኖ እንደ መፈንቀል ነው፤ ከድጅኖው ሥር የሚደረገውን ድጋፍ ቦታ የያዘው የፊት አክስሉ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማዶ የተጫነው አሸዋ የኋላ ጎማውን ወደ ላይ ያነሣዋል። ምን ያህል? 800 በ1.8 ተባዝቶ ለ2.3 ሲካፈል 626 ይመጣል። 626 ኪ.ግ ከኋላ ጎማ ላይ ተነሥቶ ወደ ፊት አክስል ይዛወራል ማለት ነው። ስለዚህ ፊት አክስሉ የሚጨመርበት አሸዋው ብቻ አይደለም፤ 800 ሲደመር 626 ነው። ፊት 3,276፣ ኋላ 924 ሆነ። አራት ቶን ከሚያልፈው ማሽን ኋላ ጎማ ላይ የቀረው ሩብ እንኳ አይሞላም።

አሁን 600 ኪ.ግ እንጨምር። ክብደቱን በኋላ ጎማ ውስጥ በውኃ መልክ ካስገባነው ወይም በቸርኬው ላይ በብረት ካሰርነው፣ ኋላ 1,524 ይሆናል፤ ጥሩ ነው። ፊት ግን ያው 3,276 ነው፤ አንድ ኪሎ አልቀነሰም። ያንኑ 600 ኪ.ግ በሊፍት ክንዶች ላይ፣ ከኋላ አክስል 1.1 ሜትር ወደኋላ ብንሰቅለውስ? ኋላው በ887 ጨምሮ 1,811 ይደርሳል፣ ፊቱ በ287 ቀንሶ 2,989 ይሆናል። ክብደቱ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የተቀመጠበት ቦታ ነው። የፊት አክስል ሸክም የሚቀንሰው ከኋላ አክስል አልፎ የተሰቀለ ክብደት ብቻ ነው። የጎማ ውኃ ትእዛዛችሁ የሳተው ይህን ነው፤ አክስል ሰበራችሁ ብላችሁ የምትቀጡን ግን በዚያው አክስል ነው።

ቅሬታችንን ከዚህ በኋላ በየተራው እናቀርባለን።

አንደኛው ቅሬታችን ስለ ስብራቱ ነው። በቆቦ ሜዳ ከጎሊናና ከአላውሃ ወንዝ አሸዋ በሚጭኑ ትራክተሮች ላይ ተደጋግሞ የታየው ጉዳት አንድ ዓይነት ነው፤ የፊት አክስሉ የመሐል ፒንና ቀለበት ይበላል፣ የጎማው ራስ ዘይት ማፍሰስ ይጀምራል፣ ኩሽኔታው ይንጫጫል፣ በመጨረሻ መሪው ይጠነክራል። ኦፕሬተሩ ይህን ሲያሳውቅ «ቀስ ብለህ ንዳ» ይባላል። ቀስ ብሎ መንዳት ይረዳል፤ ባኬት ሙሉ ይዞ ጉድጓድ ውስጥ መግባት ቆሞ ካለው ሸክም በላይ ምት ያሳርፋልና። ሆኖም ማሽኑ ቆሞም ሸክሙ ከልክ በላይ ከሆነ አነዳድ የሚያድነው ነገር የለም። አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። የኋላ ጎማው ቀልሎ ሲንሸራተት ፎር ዊል የገባ ትራክተር አብዛኛውን ጉልበቱን ወደ ፊት ይልካል። ያኔ የሚጠማዘዘው የፊት ሻፍት፣ መስቀለኛውና ጥርሶቹ ናቸው። መኪና ጥገና የሚያውቅ ሰው የተሰበረውን ጥርስ አይቶ ከልክ በላይ እንደተጫነ መናገር ይችላል። የጎማ ውኃ ከተሞላላቸው በኋላም የመሐል ፒናቸው የተበላ ትራክተሮች አሉ፤ ምክንያቱን ከላይ ያለው ስሌት ይናገራል።

ከዚሁ ጋር የሚያያዘው የባኬቱ ልክ ነው። ግማሽ ሜትር ኪዩብ የሚይዝ ባኬት ማሽላ ቢሞላበት 360 ኪ.ግ ገደማ ነው። የበሰበሰ ፍግ ቢሞላበት ከ350 እስከ 450 ይሆናል። እርጥብ አሸዋ ሲሞላበት ግን ከ900 ያልፋል፤ ከጎርፍ በኋላ ከቦይ የሚጠረግ ደለልም ወደዚያው ይጠጋል። ባኬቱ ለፍግና ለእህል ይበቃል ተብሎ ተመርጦ የተላከው ለአሸዋና ለደለል ነው። ኦፕሬተር ባኬቱን በዓይኑ እንጂ በኪሎ አይሞላም። ለአሸዋ ሥራ ወይ አነስ ያለ ባኬት ይሰጠን፣ ወይ በባኬቱ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ «አሸዋ እስከዚህ» የሚል ቀለም ይቀባልን። ይህን ራሳችን እንዳንቀባ ደግሞ «ሥራ መቀነስ» ተብሎ ይቆጠርብናል።

ሁለተኛው ቅሬታ የፍሬን ነው፤ እኛን ከሁሉም በላይ የሚያስፈራንም እርሱ ነው። የአብዛኛው ትራክተር የእግር ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው። ፎር ዊል ሲገባ ብቻ በሻፍቱ በኩል ፊቱም አብሮ ይያዛል። ኋላው 924 ኪ.ግ ብቻ የቀረው ትራክተር በሜዳ ላይ ይቆማል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁል ግን ሌላ ነው። በ100 ሜትር 15 ሜትር በሚወርድ ተዳፋት ላይ፣ የማሽኑ የክብደት መሐል ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ብሎ ከተቆጠረ፣ ቆሞ እንኳ ሌላ 270 ኪ.ግ ገደማ ከኋላ ወደፊት ይፈስሳል። የቀረው 650 ኪ.ግ ገደማ ነው። ፍሬን ሲረገጥ ደግሞ ከዚያ ላይ ይቀነሳል። ጎማው ይቆለፋል፣ ማሽኑ ግን መሄዱን አይተውም። ከኋላ 600 ኪ.ግ ተሰቅሎለት ቢሆን በዚያው ተዳፋት ላይ ከ1,450 ኪ.ግ በላይ ይዞ ይወርድ ነበር። ማዳበሪያ በሎደር ጭናችሁ ከመጋዘን እስከ ቀበሌ አድርሱ የሚል የሥራ ትእዛዝ ስትጽፉ መንገዱ የት እንደሚወርድ አብራችሁ አስቡ። ለነገሩ ሎደር ማጓጓዣ አይደለም፤ ለማጓጓዝ ተጎታች አለ።

እስከዚያው ለባልደረቦቻችን የምንለው ይህ ነው፦ ባኬት ሞልቶ ቁልቁል ፊት ለፊት አትውረዱ። ጭነቱ ወደ ዳገቱ ዞሮ፣ ማሽኑ በማርሽ እንደተያዘ ወደኋላ ይወረዳል። ዳገት ሲወጣ ፊት ለፊት። ባኬቱ ከመሬት 30 ሴ.ሜ አካባቢ፣ ፎር ዊል እንደገባ፣ ማርሽ ሳይቀየር፣ ፍሪሲዮን ሳይረገጥ። የግራና የቀኝ የፍሬን ፔዳሎች በመቆለፊያቸው ተያይዘው፤ ለማረሻ የተለያዩትን ረስቶ ቁልቁል መውረድ ትራክተሩን ወደ አንድ ጎን ይጥለዋል።

ሦስተኛ፣ ወደ ጎን መገልበጥ። የትራክተር የፊት አክስል ከመሐሉ በአንድ ፒን ላይ ተሰክቶ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ነው። ስለዚህ ማሽኑን ወደ ጎን የሚያቆሙት አራት እግሮች ሳይሆኑ ሦስት ነጥቦች ናቸው፤ ሁለቱ የኋላ ጎማዎችና ያ ፒን። ከኋላ ሰፊ፣ ከፊት ሹል። ባኬቱ በሞላ ቁጥር የክብደቱ መሐል ወደ ሹሉ ጫፍ ይጠጋል፤ ባኬቱ ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። ሁለቱ በአንድ ላይ ሲሆኑ የቦይ ጠርዝ ወይም የእርከን ካብ ይበቃል፤ አንዱ የኋላ ጎማ መሬት ለቆ ይነሣል። በተሁለደሬ በኩል ቦይ ሲጠረግ ባኬት ከፍ አድርጎ ሲዞር ጎማው የተነሣ ትራክተር ሳይገለበጥ የቀረው ኦፕሬተሩ ባኬቱን ቶሎ ስላወረደው ነው። ጎማ መነሣት ሲጀምር የሚደረገው ይኸው ነው፤ መሪ መጠምዘዝም ፍሬን መርገጥም አይደለም፣ ባኬቱን ማውረድ ነው። የኋላ ክብደት የክብደቱን መሐል ወደ ሰፊው ወገን ይመልሰዋል። የኋላ ቸርኬውን ገልብጦ በማሰር የጎማዎቹን ስፋት መጨመርም ያግዛል፤ ፋብሪካው ይህን ይፈቅዳል፣ ብሎኖቹ ግን ከመጀመሪያዎቹ የሥራ ሰዓታት በኋላ እንደገና መጠበቅ አለባቸው።

አራተኛው ቅሬታ አጭር ነው። የኋላ ክብደት ባለመኖሩ በየሥራ ቦታው ሰው በሊፍት ክንዶች ላይ እየቆመ እንደ ክብደት ያገለግላል። አሠሪዎቹ ያዩታል፣ የወረዳ ተቆጣጣሪዎችም ያዩታል። አንድ ጎልማሳ 60 ኪ.ግ ነው፤ የሚያስፈልገው አሥር እጥፍ ነው። ከጎማውና ከሻፍቱ አጠገብ የሚቆም ሰው ቢወድቅ የሚወድቀው በጎማው ሥር ነው። በሳንቃ ላይ በገመድ የታሰረ ድንጋይም እንዲሁ፤ አንዱ ድንጋይ ሲንከባለል ሚዛኑ በድንገት ይለወጣል። ይህን የሚከለክል አንድ መስመር ጽፋችሁ አታውቁም።

አምስተኛው የጎማ ውኃ ትእዛዝ ራሱ ነው። ውኃ መጥፎ ነው አላልንም። ቆቦ ላይ አሸዋ ብቻ ለሚጭን፣ ዓመቱን ሙሉ ሎደሩ ለማይወርድለት ትራክተር ከተሰቀለ ክብደት ጋር ተጨምሮ ይጠቅማል፤ የማሽኑን የክብደት መሐል ዝቅ ስለሚያደርግ ለተዳፋትም መልካም ነው። መጠኑ 18.4-30 የሆነ የኋላ ጎማ እስከ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ከ300 ሊትር በላይ ይይዛል፤ ሁለቱ ጎማ ከ600 ኪ.ግ በላይ ነው። አሞላሉ ግን በትእዛዛችሁ እንደተጻፈው «እስኪሞላ» አይደለም። ትራክተሩ በክሪክ ተነሥቶ የጎማው አፍ ወደ ላይ እንዲሆን ይዞራል፤ ውኃው በአፉ ልክ ሲደርስ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ ያለው ቦታ ለአየር ነው። ጎማ ጢም ብሎ በውኃ ከተሞላ ድንጋይ ሲመታ የሚቀበልለት አየር ስለሌለ ከመነዳሪው ይፈነዳል ወይም የጎማው ሽቦ ይበጠሳል። ከሞላ በኋላ የአየሩ ግፊት ይለካል። ጨው ነክ ፈሳሽ አትጨምሩ፤ በወሎ ብርድ ውስጥ ጎማ ሙሉ ውኃ የሚያረጋ ሌሊት የለም፣ ቸርኬውን ግን ጨው ይበላዋል።

ነገር ግን ይህንኑ ትእዛዝ ለጃማና ለወረኢሉ የዋልካ መሬት መስጠት ስህተት ነው። እዚያ ትራክተሩ ክረምት ላይ ያርሳል፣ ሎደሩ ወርዶ ይቀመጣል። የተሰቀለ ክብደት በሁለት ፒንና በአንድ የላይኛ ክንድ ይለቀቃል። የጎማ ውኃ ግን ገበሬው ማሳ ድረስ ይከተላል፤ እርጥብ ዋልካ ላይ የሚያልፍ ተጨማሪ ስድስት መቶ ኪሎ አፈሩን ይጠቀጥቀዋል፣ ውኃው አልሰርግ ይላል፣ ሥር አይወርድም። ጎማ ሲቀደድም ችግር ነው፤ በአቅራቢያው ያለ ጎሚስታ ሦስት መቶ ሊትር ውኃ የያዘ ጎማ አይቶ እጁን ያነሣል። ስለዚህ ለማረሻም ለሎደርም ለሚሠራ ትራክተር ዋናው ክብደት ሊወርድ የሚችል መሆን አለበት።

እንግዲህ ትክክለኛው ክብደት እንዴት ይመረጣል? መጀመሪያ የሎደሩ ማኑዋል ይነበባል፤ ብዙዎቹ ለየትኛው ትራክተር ስንት ኪሎ ከኋላ እንደሚያስፈልግ በግልጽ ይጽፋሉ። ማኑዋሎቹ ግን ትራክተሩ ላይ ሳይሆን መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ ናቸው። ቀጥሎ ማሽኑ ሚዛን ላይ ይወጣል። የመኪና ሚዛን ባለበት ቦታ ሁሉ ሊሠራ ይችላል፦ ባኬቱ በተለመደው ጭነት ይሞላል፣ ከመሬት 30 ሴ.ሜ ይነሣል፣ መጀመሪያ ሙሉው ማሽን ይመዘናል፣ ቀጥሎ የኋላ ጎማዎቹ ብቻ ሚዛኑ ላይ ሆነው የፊቶቹ ከሚዛኑ ውጭ በዚያው ከፍታ ይቆማሉ። ሁለቱ ቁጥሮች የፊቱን ይነግሩናል። በወሎ ተዳፋት ላይ እኛ የምንይዘው ልክ ሙሉ ባኬት ሲነሣ ኋላው ቢያንስ የጠቅላላውን ክብደት አንድ ሦስተኛ እንዲይዝ ነው፤ ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። የፊቱ ቁጥር ደግሞ ፋብሪካው ለአክስሉና ለጎማው ከጻፈው እንዳይበልጥ ይታያል። ከበለጠ ከኋላ መጨመር ብቻ አይበቃም፤ ባኬቱ መቀነስ አለበት። ይህን የምንለው ክብደት ሁሉን ይፈታል ብሎ 1,000 ኪ.ግ የሚሰቅልም ስላለ ነው። የሊፍቱ የማንሣት አቅም፣ የኋላ ጎማው የተፈቀደ ጭነት፣ ባኬቱ ባዶ ሲሆን ደግሞ መሪ ለመያዝ ፊቱ ላይ የሚቀረው ክብደት፣ ሁሉም ይታያሉ።

ዓይነቱስ? ባለ ሦስት ዲስክ ማረሻ ሰቅሎ መሥራት የተለመደ ነው። እንደ ሥሪቱ 400 ኪ.ግ ገደማ ይመዝናል፤ ከምንም ይሻላል። ግን ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው፣ ወደኋላ ረጅም ነው፣ ሲዞር ዲስኩ የቦይ ጠርዝና የሰው እግር ይፈልጋል። 200 ሊትር በርሜል በአርማታ ተሞልቶ 500 ኪ.ግ ያህል ይሆናል፤ በአሸዋ ቢሞላ 320 አካባቢ ነው። በርሜል ክብ ስለሆነ መሬት ላይ ሲያስቀምጡት ይንከባለላል፣ ለማያያዣውም አይመችም። ለእኛ የተሻለው አራት ማዕዘን የአርማታ ብሎክ ነው። 1 ሜትር ርዝመት፣ ግማሽ ሜትር ስፋት፣ ግማሽ ሜትር ቁመት ቢሆን ሩብ ሜትር ኪዩብ ነው፤ አርማታ በሜትር ኪዩብ 2,400 ኪ.ግ ገደማ ስለሆነ 600 ኪ.ግ ይመጣል። ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ሁለት ከረጢት ይበቃዋል። አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር።

አሠራሩ ላይ የሚበላሹት ነገሮች የታወቁ ናቸው። የታችኛው ሁለት ፒን በብሎኩ ጎን ላይ ለየብቻ ከተቀበረ ከጊዜ በኋላ አርማታው ይሰነጠቅና ፒኑ ይወልቃል። መደረግ ያለበት ከዳር እስከ ዳር የሚያልፍ አንድ ወጥ የብረት ዘንግ ከባለ 12 ሚ.ሜ ፌሮ ቅርጫት ጋር ተበይዶ፣ ከዚያ አርማታው እንዲፈስስበት ነው። ብየዳው ከአርማታው በፊት ይጠናቀቅ፤ በኋላ ብሎኩ ላይ መበየድ አርማታውን ያፈረካክሰዋል። የሊፍት ማያያዣ በፒኑ ውፍረት በምድብ ይከፈላል፤ ለሁለተኛ ምድብ ሊፍት የታችኛው ፒን ውፍረት 28 ሚ.ሜ፣ የላይኛው 25 ሚ.ሜ ነው፤ ለአንደኛ ምድብ 22 እና 19። ትንሹን ትልቁ ቀዳዳ ውስጥ ማስገባት፣ ወይም እንደተለመደው የፌሮ ቁራጭ ፒን ማድረግ፣ እየተንገጫገጨ ቀዳዳውን ያሰፋና አንድ ቀን ይበጠሳል። ለብሎኩ ሁለት እግር ከሥር ይሠራለት፤ ሲወርድ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ሲነሣም ትራክተሩ ወደኋላ ገብቶ ያለ ረዳት ይያያዝ። አርማታው ከፈሰሰ በኋላ ለሳምንት ውኃ ይጠጣ፤ ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው በ28 ቀን ነውና ከዚያ በፊት አይሰቀል። ስፋቱ ከኋላ ጎማዎቹ ውጭ አይውጣ፤ ጀርባው ቀይና ነጭ ይቀባ።

ከተሰቀለ በኋላም ሥራ አለው። የጎን ሰንሰለቶቹ ይጠብቁ፤ የላላ ክብደት በተዳፋት ላይ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ማሽኑን ይጎትታል። ሊፍቱ በፖዚሽን (በተሰጠው ከፍታ በሚቆምበት) ይያዝ እንጂ በድራፍት (እንደ ማረሻው ጉተታ ራሱ በሚወጣ በሚወርድበት) አይሁን፤ በድራፍት ከሆነ ክብደቱ ራሱ ሊፍቱን እያታለለ ይወጣል ይወርዳል። ከመሬት 30 ሴ.ሜ ገደማ ይበቃዋል፤ ሽቅብ አንሥቶ መንዳት የክብደቱን መሐል ከፍ ያደርጋል። ማታ ሞተር ሲጠፋ ክብደቱ መሬት ይቀመጥ። ለሙከራ ግን አንድ ጊዜ ከፍ አድርጋችሁ ተዉት፤ ጥቂት ቆይታችሁ ስትመለሱ ወርዶ ካገኛችሁት የሊፍቱ ጎሚኒ (ዘይቱን የሚይዘው ላስቲክ) አልቋል፣ ቁልቁል ላይ አትመኑት።

ስድስተኛው ቅሬታችን ሥልጠናው ነው። ማረሻ፣ መከስከሻ፣ ተጎታች ተምረናል። ሎደርን ለማስተማር የተመደበ ሰዓት አልነበረም። ያልተማረ ሰው ስብራት ሲያደርስ ወጪው በእርሱ ይመጣል፤ ሳያስተምር የላከውስ?

የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

1. የፊት አክስል ጥገና ወጪን በኦፕሬተርና በማኅበር ላይ የጣለው ትእዛዝ ይነሣ፤ እስካሁን የተቆረጠው ገንዘብ ይመለስ። የኋላ ክብደት በተሟላለት ትራክተር ላይ ከዚያ በኋላ ስብራት ቢደርስ፣ ጥፋቱ ተመርምሮ የአያያዝ ጉድለት ከተገኘ ኃላፊነቱን እንወስዳለን።

2. የተሰበሩት አክስሎች ክፍሎች እንደ ቁርጥራጭ ብረት ከመሸጣቸው በፊት መካኒኮች ባሉበት ይታዩ። ከየወረዳው አንድ ትራክተር ከላይ በተገለጸው መንገድ ሚዛን ላይ ይውጣ፤ ውጤቱ ለማኅበራቱ ይሰጥ።

3. ለእያንዳንዱ ባለ ሎደር ትራክተር በልኩ የተሠራ፣ በሊፍት የሚሰቀል የኋላ ክብደት ይቅረብ። መግዛቱ ከከበደ ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ የብረት ዘንግና የብየዳ ወጪ ይፈቀድልን፤ በየወረዳው ባሉ ብየዳ ቤቶች እናሠራዋለን። ክብደቱ እስኪደርስ ድረስ የአሸዋና የደለል ሥራን በግማሽ ባኬት እንድንሠራ በጽሑፍ ይፈቀድልን።

4. የጎማ ውኃ ትእዛዝ ለሁሉም መሆኑ ይቅር። ማን ይሙላ፣ ማን አይሙላ የሚለው በሥራውና በመሬቱ ዓይነት ይወሰን፤ የዋልካ ወረዳዎች ይውጡ።

5. የሎደር ማኑዋሉ ስለ ክብደትና ስለ ተዳፋት የሚናገርባቸው ገጾች በአማርኛ ተተርጉመው በፕላስቲክ ተሸፍነው በየትራክተሩ ላይ ይለጠፉ። ለማረሻ ተብለው ከፊት የተደረደሩት ክብደቶች ሎደር ባለበት እንዲወርዱ ትእዛዝ ይተላለፍ።

6. በሊፍት ክንድ ላይ ሰው ማቆም በግልጽ ይከልከል። ክልከላው ለኦፕሬተሩ ብቻ ሳይሆን ለአሠሪውም ይድረስ።

7. በሚቀጥለው ግዢ ዝርዝር ላይ «ሎደር ከነባኬትና ከነኋላ ክብደቱ» ተብሎ ይጻፍ፤ የክብደቱ ኪሎና የማያያዣው ምድብ ይጠቀስ። ዝርዝሩ ከመጽደቁ በፊት አንድ መካኒክና አንድ ኦፕሬተር ይዩት።

የክረምቱ ጎርፍ ቦዮቹን ደለል ከመሙላቱ በፊት በጽሑፍ መልስ እንጠብቃለን። ሚዛን ላይ የሚወጣው ትራክተር ሲወሰን ኦፕሬተሩም ማሽኑም ዝግጁ ናቸው።

ከአክብሮት ጋር፣

በሰሜንና በደቡብ ወሎ በባለ ሎደር ትራክተሮች ላይ የምንሠራ ኦፕሬተሮች፣ መካኒኮችና የብየዳ ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ትራክተሮቹን ለተረከቡ ማኅበራት ሊቃነ መናብርት
ለየወረዳው የግብርና መካናይዜሽን ባለሙያዎች
ለመሥሪያ ቤቱ የግዢ ክፍል